ራስን መሳት ሁሉ የሚጥል በሽታ አይደለም፦ ኬሲኤንኪው1 ዘረመልና የልብ ምት

ልጅ ሲሮጥ ራሱን ስቶ ቢወድቅ፣ በሺሺንዳም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታሰበው የሚጥል በሽታ ነው። ነገር ግን መነሻው ልብ ሊሆን ይችላል። ከምክንያቶቹ አንዱ ረዥም ኪውቲ የሚባለው፣ በዘር የሚተላለፍ የልብ ምት ችግር ነው።

ዘረመሉ ምን ይሠራል?

ኬሲኤንኪው1 በ11ኛው ክሮሞሶም ላይ ይገኛል። ከእሱ የሚመረተው ፕሮቲን በልብ ሕዋስ ሽፋን ላይ የፖታሲየም መውጫ በር ይሆናል፤ አንድ በር የሚሠራው አራት ፕሮቲኖች ተገጣጥመው ነው። ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ፖታሲየም በዚህ በር ሲወጣ ልብ ለቀጣዩ ምት ይዘጋጃል። በሩ በደንብ ካልሠራ ዝግጅቱ ይዘገያል። ስንሮጥ፣ ስንዋኝ ወይም ስንደነግጥ ምቱ ሊዛባና ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሊቋረጥ ይችላል። ያን ጊዜ ሰውነት ስለሚንቀጠቀጥ የሚጥል በሽታ ይመስላል። ምቱ ካልተስተካከለ ለሞት ያደርሳል።

መቼ እንጠርጥር?

• ራስን መሳቱ በሩጫ፣ በዋና ወይም በድንጋጤ ጊዜ ከመጣ
• ከቤተሰብ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ካለ
• ሲወለድ ጀምሮ መስማት የማይችል ልጅ ራሱን ከሳተ (ጉድለቱን ከእናትም ከአባትም የወረሰ ልጅ የመስማት ችሎታውም ይጎዳል)
• የሚጥል በሽታ መድኃኒት በአግባቡ እየተወሰደ ለውጥ ከሌለ

ምርመራ

ኢሲጂ ሕመም የሌለውና በደቂቃዎች የሚያልቅ ምርመራ ነው። በጤና ጣቢያው ከሌለ ወደ ቦንጋ ወይም ጅማ ሆስፒታል ሪፈር እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ። አንዱ ወላጅ ችግሩ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ስለሆነ፣ ወላጆችና ወንድም እህቶችም ይመርመሩ።

ሕክምናና ጥንቃቄ

እንደ ፕሮፕራኖሎል ያሉ መድኃኒቶች አደጋውን በእጅጉ ይቀንሳሉ፤ በየቀኑ መወሰድ አለባቸው። ለወባ የሚሰጠው ክሎሮኪን፣ ኤሪትሮማይሲን፣ አዚትሮማይሲንና ሃሎፔሪዶል ግን ችግሩን ሊያባብሱ ይችላሉ። ስለዚህ ማንኛውም መድኃኒት ሲታዘዝ ሕመሙን አስቀድመው ይንገሩ፤ በራስዎ ውሳኔ ግን የወባ ሕክምናን አይተዉ። ተቅማጥና ትውከት ፖታሲየምን ስለሚቀንሱ ቶሎ ይታከሙ።

የወደቀው ሰው ካልነቃና በአግባቡ ካልተነፈሰ ክብሪት በማሽተት ጊዜ አያጥፉ። በጀርባው አስተኝተው የደረቱን መሃል በሁለት እጅ በኃይልና በፍጥነት ይጫኑ፤ ሌላ ሰው እርዳታ ይጥራ።