የሙቅ ውኃ ነገር በአሮጌ ቤት

በአዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ የሚያውቅ ሰው ወደ አንድ ግቢ ሲገባ አስቀድሞ «ውኃ በስንት ቀን ይመጣል?» ብሎ ይጠይቃል። ደመወዙ ትንሽ የፈቀደለት እንደሆነ ደግሞ፥ «ሙቅ ውኃስ አለው?» የሚል ሁለተኛ ጥያቄ ይጨምራል። ባለቤቲቱም የመታጠቢያ ቤቱን በር ገፋ አድርገው ከግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን ነጭ በርሜል ያሳዩታል። «ይኸው ልጄ፤ ባለቤቴ በሕይወት ሳሉ ያስገቡት ነው፤ አንድም ቀን አስቸግሮን አያውቅ» ይላሉ። ተከራዩም ደስ ብሎት ቀብዱን ይከፍላል። ውኃው በየትኛው ቧንቧ መጥቶ በየትኛው እንደሚሄድ፥ በርሜሉም በውስጡ ምን እንዳለ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም።

ነገሩን ከሥሩ ብንጀምር፥ አዲስ አበባ ራሷ የሙቅ ውኃ ልጅ ናት ማለት ይቻላል። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ከተማይቱን ሲቆረቁሩ የሳባቸው ፍል ውኃው ነበር። እዚያ ውኃውን የምታሞቀው ምድር ራሷ ስለሆነች፥ ማገዶም ሽቦም አያስፈልግም ነበር። ቧንቧ የመጣው ከዚያ በኋላ በ1880ዎቹ ሲሆን፥ አልፍሬድ ኢልግ የተባለው የስዊስ መሐንዲስ ከእንጦጦ በኩል ያለውን ውኃ በብረት ቧንቧ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ግቢ አስገባ። ግቢው ኮረብታ ላይ በመሆኑ፥ ውኃ ሽቅብ ይወጣል ሲባል ያላመነው ሰው ብዙ ነበር ይባላል። ምሥጢሩ ግን ቀላል ነው፤ ምንጩ ከግቢው ኮረብታ ይልቅ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነበርና ውኃው በቧንቧ ታፍኖ ወርዶ መልሶ ለመውጣት ኃይል አላነሰውም። ዛሬም ጣራ ላይ የተሰቀለው ሮቶ ወደ መታጠቢያ ቤት ውኃ የሚያወርደው በዚሁ ሕግ ነው።

ባለቧንቧ መኖሪያ ቤት እየበዛ የሄደው በጣሊያን ወረራ ጊዜ፥ ማለት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመንና ከዚያም በኋላ ነው። (ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ፥ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለው የጣሊያን ድርጅት የመጣ መሆኑን የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ አንባቢያችን ሲያውቅ ሳይስቅ አይቀርም።) ከነዚያ ቤቶች ብዙዎቹ በቅርብ ዓመታት ፈርሰዋል፤ በየሰፈሩ የቀሩት ግን ከነቧንቧቸው አርጅተዋል።

ያ ቧንቧ ዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። ዚንኩ ራሱ እየተበላ ብረቱን ከዝገት ያድነዋል፤ እሱ ያለቀ ዕለት ግን ዝገቱ ወደ ብረቱ ይዞራል። ሙቀት የዝገትን ሥራ ስለሚያፋጥን፥ የሙቅ ውኃው ቧንቧ ከቀዝቃዛው ቀድሞ ያልቃል። ከውጭ ሲያዩት ደኅና ነው፤ ቆርጠው ወደ ውስጥ ቢመለከቱ ግን ግማሽ ኢንች የነበረው ቀዳዳ በዝገትና በደለል ተደፍኖ እርሳስ እንኳ አያሳልፍም። አንድ ተከራይ «በርሜሉ ተበላሸብኝ፤ ሙቁ ጠብ ጠብ ይላል» ብሎ ሲያማርር፥ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የበርሜሉ አይደለም። ሁለቱን ቧንቧዎች በየተራ ከፍቶ ማየት ነው፤ ቀዝቃዛው በኃይል እየወረደ ሙቁ ብቻ የሚያቃስት ከሆነ፥ አዲስ በርሜል ከመግዛት በፊት ግድግዳ ውስጥ የተቀበረውን ቧንቧ መጠርጠር ይገባል። ግድግዳው ያለ ዝናብ ላብ ካወጣ ደግሞ ጥርጣሬውም አያስፈልግም።

አሁን ወደ በርሜሉ እንግባ። በውስጡ የሚግል የኤሌክትሪክ ዘንግ አለ፤ ሙቀቱ ከተወሰነለት ልክ ሲደርስ ኃይሉን የሚያቋርጥ ተቆጣጣሪም አለ። 80 ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ለማሞቅ 3.7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል፤ ዘንጉ ባለ 1,500 ዋት ቢሆን ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል ማለት ነው። ጠዋት ተነሥቶ አብርቶ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሙቅ ውኃ የሚጠብቅ ሰው ለምን እየተንቀጠቀጠ ወደ መሥሪያ ቤት እንደሚሄድ ከዚህ ይገባዋል። ሂሳቡን ለመቀነስ ሲባል ውኃውን ዘወትር ለብ ብቻ ማድረግም አይመከርም። በ1968 ዓ.ም. በአሜሪካ በፊላደልፊያ ከተማ ብዙ ሰው በገደለው የሳንባ በሽታ ምክንያት የታወቀው ተሕዋስ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ይራባልና፥ በበርሜሉ ውስጥ 60 ዲግሪ ያህል መኖሩ ደግ ነው። ነገር ግን 60 ዲግሪ ውኃ በጥቂት ሴኮንድ ቆዳ ይልጣል፤ ሕፃን ባለበት ቤት ቀዝቃዛውን አስቀድሞ ከፍቶ ሙቁን በኋላ መቀላቀል ያስፈልጋል።

ውኃ ሲሞቅ ያብጣል። ያ 80 ሊትር 60 ዲግሪ ሲደርስ ከአንድ ሊትር የሚበልጥ ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህም በበርሜሉ ሥር፥ ቀዝቃዛው ውኃ በሚገባበት በኩል፥ ሴፍቲ ቫልቭ የሚሉት ትንሽ የናስ ዕቃ ይገጠማል። ግፊቱ ሲበዛ፥ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 8 ባር ሲደርስ፥ ይህ ዕቃ በጎኑ ጠብ ጠብ እያደረገ ትርፉን ያስወጣል። በርሜሉ በሚሞቅበት ጊዜ እንዲህ ቢያንጠባጥብ ሥራውን መሥራቱ ነው።

ይህን ያላወቁ ሦስት ተማሪዎች በአንድ አሮጌ ቤት አብረው ይኖሩ ነበር። ሌሊት ሌሊት የጠብታው ድምፅ ስላስመረራቸው ከሱቅ አንድ የብረት መድፈኛ ገዝተው አፉን አጥብቀው ዘጉት፤ ዝምታም ሆነ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ለሌላ ጉዳይ የተጠሩ አንድ አዛውንት የቧንቧ ሠራተኛ ቀና ብለው ሲያዩ ቀጥ ብለው ቀሩ።

«ልጆቼ፥ ይህን ማን ደፈነው?»

«እኛ ነን ጋሼ፤ ሌሊቱን ሙሉ ጠብ ጠብ እያለ አላስተኛ አለን።»

«እንግዲያስ እስከ ዛሬ የተኛችሁት ከቦምብ ጋር ነው» አሉና፥ መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን አጠፉ፤ በርሜሉ እስኪቀዘቅዝም መድፈኛውን አልነኩትም።

አዛውንቱ አላጋነኑም። በአዲስ አበባ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በታፈነ በርሜል ውስጥ ግን ከ100 ዲግሪ አልፎም ሳይፈላ ይቆያል። ያ የሙቀት ተቆጣጣሪ አንድ ቀን ቢበላሽና መተንፈሻውም ተደፍኖ ቢገኝ፥ ግፊቱ እየጨመረ ሄዶ የዛገው ቆርቆሮ ይቀደዳል። በዚያች ቅጽበት ታፍኖ የነበረው ውኃ በከፊል ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ እንፋሎት ደግሞ ከውኃው ከ1,600 እጥፍ በላይ ቦታ ይይዛል። ግድግዳ የሚያፈርሰው ይህ ነው። ጠብታው የሚያስቸግር ከሆነ ቀጭን ጎማ አስሮ ወደ ባልዲ ማውረድ ይቻላል፤ ጎማው ግን ጫፉ መታጠፍም መዘጋትም የለበትም። ውኃ ሳይሞቅም ቀን ከሌሊት ያለማቋረጥ የሚፈስ ከሆነ ግን ወይ ዕቃው አርጅቷል፥ ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል፤ ሠራተኛ መጥራት ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራኝ፥ ድምፅ የሌለው አደጋ ነው። በብዙ አሮጌ ቤቶች ኧርዝ የሚባለው፥ ያመለጠ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ፥ የታሰረው በዚያው በብረቱ የውኃ ቧንቧ ላይ ነበር። ብረቱ መሬት ውስጥ የተቀበረ በመሆኑ እስከዚያ ድረስ ነገሩ ይሠራ ነበር። ባለቤቱ ቧንቧው ዝጎ ሲያስቸግረው በፕላስቲክ ያስለውጠዋል፤ መልካም አደረገ፤ ውኃውም ጠራ። ፕላስቲክ ግን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤቱ ኧርዝ የለውም፤ ይህንንም የቧንቧ ሠራተኛው አይነግረውም፥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውም አልተጠራም። የበርሜሉ ዘንግ በተሰነጠቀ ዕለት 220 ቮልት ውኃውን ይዞ ገላውን ወደሚታጠበው ሰው ሊመጣ ይችላል። መታጠቢያው ጥቂት እንኳ ከነዘረዎት፥ «ትንሽ ናት፤ ለምጃታለሁ» ብለው አይለፉት፤ ኃይሉን ከቆጣሪው አጥፍተው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይጥሩ። በ30 ሚሊአምፔር መፍሰስ ኃይልን የሚቆርጥ መከላከያም አለ፤ ከሬሳ ሣጥን ይረክሳል።

በርሜል የሌለው ሰው ደግሞ ከሻወሩ ራስ ላይ የሚገጠመውን፥ ውኃውን እግረ መንገዱን የሚያሞቀውን ዕቃ ይገዛል። ዋጋው ቀላል፥ መጠኑ ትንሽ ነው። ባለ 5,500 ዋት ከሆነ ግን 25 አምፔር ይስባል፤ ለመብራት ተብሎ በተዘረጋ ቀጭን የድሮ ሽቦ ላይ ሲቀጠል ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይግላል። ፊውዙ ደጋግሞ ሲቃጠል በወፍራም መዳብ ጠቅልለው «አስተካከልነው» የሚሉ አሉ። ያስተካከሉት የሚቃጠለውን ቦታ ብቻ ነው፤ ከፊውዙ አንሥተው ወደ ጣራው ወስደውታል።

የውኃ ፈረቃም የራሱ ጣጣ አለው። መስመሩ ሲቋረጥ፥ ውኃ እንዳይመለስ የሚያግደው ዕቃ የሌለው በርሜል ውኃውን ወደ ኋላ ሊያስመልስና ሊጎድል ይችላል፤ ዘንጉም በደረቁ ግሎ ይቃጠላል። ስለዚህ ውኃ በጠፋ ጊዜ ማሞቂያውን ማጥፋት፥ ሲመለስም የሙቁን ቧንቧ ከፍቶ አየሩ ወጥቶ ውኃው ቀጥ ብሎ እስኪወርድ ሳይጠብቁ አለማብራት ነው። መጀመሪያ የሚመጣውን ቀይ ውኃ ለመጸዳጃ ያስቀምጡት።

ሌላው ጣጣ ደግሞ ከሳይንስ ይልቅ ከመርሳት የሚመጣ ነው። ሰውየው ጠዋት ቧንቧውን ይከፍታል፤ ፉት ብሎ ዝም ይላል፤ «ዛሬም ጠፋች» ብሎ ሳይዘጋው ወደ ሥራ ይሄዳል። ውኃዋ በአምስት ሰዓት ትመጣለች። ማታ ሲመለስ ጫማው ኮሪደሩ ላይ ተንሳፎ፥ የታችኛው ጎረቤት ደረጃው ላይ ቆመው ይጠብቁታል። ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ዋናውን መዝጊያ ሲወጡ መዝጋት ከዚህ ያድናል፤ በአሮጌ ቤት ግን መዝጊያው ለዓመታት ሳይነካ ዝጎ ስለሚቆይ፥ በግድ ቢያዞሩት አንገቱ ተቆርጦ እጅ ላይ ይቀራል። ቤቱን ሲረከቡ፥ ባለቤቲቱ አጠገብ ቆመው ሳሉ፥ አንድ ጊዜ ቀስ ብለው ይሞክሩት፤ ከተቆረጠም በርስዎ ሂሳብ አይሆንም።