«ኮምፒዩተሩ ተቃጥሏል» ከመባሉ በፊት

ይህ ነገር በእርስዎም ቤት ደርሶ ይሆናል። መብራት ይሄዳል። ሻማ ይፈለጋል፣ ልጆች ይንጫጫሉ፣ እራት በጨለማ ይበላል። ከአንድ ሰዓት በኋላ መብራቱ ቦግ ብሎ ይመጣል፤ ወዲያው ድርግም ይላል፤ እንደገና ይመጣል። ሁሉም ወደየጉዳዩ ሲመለስ ኮምፒዩተሩ ብቻ ዝም ይላል። ቁልፉን ቢጫኑት፣ ደግመው ቢጫኑት መልስ የለም። መብራቱ አይበራም፣ ፋኑም አይዞርም።

በእኛ ቤት ይህ የሆነው በአንድ የክረምት ምሽት፣ ገርጂ ውስጥ ነው። ኮምፒዩተሩ አሮጌ ነው፤ ለሽያጭ ቢወጣ ይህ ነው የሚባል ዋጋ አያወጣም። ውስጡ ግን የአሥራ ሁለት ዓመት የቤተሰብ ፎቶግራፍ ነበር። ባለቤቴ የምትይዘው የቤት ለቤት ሕብረታችን የመዋጮ መዝገብ ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ እናቴ ከማረፏ በፊት ስለ ልጅነቷ ስታወራ የቀረጽኩት ድምፅ ነበር። አንዱም ሌላ ቦታ አልተገለበጠም። ይህን ስጽፍ አሁንም አፍራለሁ።

በማግስቱ ተሸክሜ ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ባለሙያው ኬዙን ሳይከፍት ሶኬት ላይ ሰካው፣ ቁልፉን ተጫነና ራሱን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ ይሄ ተቃጥሏል። ማዘርቦርዱም ሃርድ ዲስኩም ሄዷል። አዲስ ቢገዙ ይሻልዎታል» አለኝ። አሮጌውን በትንሽ ዋጋ ሊወስድልኝ ፈቃደኛ መሆኑንም ነገረኝ። እውነቱን ለመናገር ልሰጠው ምንም አልቀረኝም ነበር። የእናቴ ድምፅ ትዝ ብሎኝ ብቻ ይዤው ተመለስኩ።

በቤተ ክርስቲያናችን የድምፅ መሣሪያዎችን የሚያንቀሳቅስ አንድ ወጣት ወንድም አለ። ጉዳዩን ስነግረው ሳቀና፣ «ጋሼ፣ ኃይል ያልገባበት ዕቃ መሞቱን በምን አወቁ?» አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ካቻቪቴና አንድ የብረት ሣጥን ይዞ መጣ። ከዚህ በታች ያለውን አብዛኛውን ያወቅሁት በዚያ ቀን አጠገቡ ቆሜ እየጠየቅሁ፣ የቀረውንም ከዚያ በኋላ እያነበብኩ ነው።

ሣጥኑ ምን ይሠራል?

ከኮምፒዩተሩ ጀርባ፣ የመብራቱ ገመድ የሚሰካበት፣ የራሱ ፋን ያለው የብረት ሣጥን አለ። ጥገና ቤቶች ፓወር ሰፕላይ ይሉታል። ከግድግዳችን የሚመጣው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። የኮምፒዩተሩ ክፍሎች ግን የሚፈልጉት እንደ ባትሪ ድንጋይ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ነው። ሣጥኑ ትልቁን ተቀብሎ ትንሹን ያከፋፍላል። ከውጭ የሚመጣውን ምት መጀመሪያ የሚቀበለውም እርሱ ነው። ብዙ ጊዜ እርሱ ተቃጥሎ ከኋላው ያሉት ይተርፋሉ። ፎቶግራፍዎም መዝገብዎም ያለው ሃርድ ዲስኩ ላይ ነው፤ ሣጥኑ ውስጥ ምንም የተጻፈ ነገር የለም። ስለዚህ ሣጥኑ ቢበላሽ የሚቀየረው ሣጥኑ ነው። ለዚህ ተብሎ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ሰው ካጋጠመዎት ዕቃዎን ይዘው ይውጡ።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ ነው አልልዎትም። ጥራት የሌለው ሣጥን ሲቃጠል ማዘርቦርዱን ወይም ሃርድ ዲስኩን ይዞ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ይህ የሚታወቀው ግን ሌላ ሣጥን ተገጥሞ ከተሞከረ በኋላ ነው።

መብራት ሲመጣ ለምን ይቃጠላል?

የአገራችን የኤሌክትሪክ ታሪክ ለዚህ ሣጥን የተመቸ አልነበረም። በ2001 ዓ.ም. እና በ2011 ዓ.ም. የኃይል እጥረት ተከስቶ መብራት በፈረቃ የነበረበትን ጊዜ ያስታውሳሉ። ዛሬ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የማመንጨት አቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ነገር ግን ግድቡ ላይ የተመረተው ኃይል ቤታችን የሚገባው በሰፈር ትራንስፎርመርና በምሰሶ ላይ ሽቦ አልፎ ነው። ዝናብ ሲጥል፣ ዛፍ ሲወድቅ፣ የግንባታ መኪና ሽቦ ሲነካ መብራት የሚሄደው እዚህ ቅርባችን ነው።

ከሁሉ የከፋው ኒውትራል የሚባለው ሽቦ ሲበጠስ ነው። ከትራንስፎርመሩ ወደ ሰፈር የሚመጡት ሦስት ፌዞችና አንድ ኒውትራል ናቸው። በአንድ ፌዝና በኒውትራሉ መካከል 220 ቮልት አለ፤ በሁለት ፌዞች መካከል ግን 380 ቮልት ነው። ኒውትራሉ ሲበጠስ የአንዱ ጎረቤት አምፖል ይደበዝዛል፣ የሌላው ደግሞ ሊፈነዳ እስኪደርስ ይደምቃል። ድንገት አምፖልዎ ከወትሮው በላይ ሲደምቅ ካዩ፣ ለምን እንደሆነ ሳይጠይቁ መጀመሪያ ዋናውን ማጥፊያ ያውርዱ።

ሁለተኛው ምክንያት እርጅና ነው። በሣጥኑ ውስጥ ኮንደንሰር የሚባሉ ትንንሽ በርሜል የሚመስሉ ዕቃዎች አሉ፤ በሙቀትና በዕድሜ ውስጣቸው ይደርቃል። የደከመ ሣጥን እየሠራ ሳለ ምንም ላያሳይ ይችላል፤ አንድ ቀን መብራት ሄዶ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን እንደገና መነሣት ያቅተዋል። ስለዚህ መብራቱ ገደለው የምንለው ሣጥን አንዳንዴ ከወራት በፊት ጀምሮ ሲታመም የቆየ ነው። በትልልቆቹ ኩባንያዎችም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2005 ዴል የተባለው ኩባንያ ማዘርቦርዳቸው ላይ ያሉት ኮንደንሰሮች እያበጡ በተበላሹበት ኮምፒዩተሮች የተነሣ 300 ሚሊዮን ዶላር ለጥገና መመደብ ግድ ሆኖበታል። አቧራም የራሱ ድርሻ አለው። የእኛን ሣጥን ፋን ሲያዩት የሱፍ ኮፍያ ይመስል ነበር።

ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ

ይህን ለብቻው ማንሣት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በአሜሪካ ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። በዚያ አገር የሶኬቱ ኃይል 120 ቮልት ገደማ ነው። በብዙ አሮጌ ሣጥኖች ጀርባ ላይ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማንሸራተቻ አለ። ከሻንጣ የወጣው ኮምፒዩተር 115 ላይ እንደተቀመጠ እዚህ ከተሰካ ጧ! ብሎ ይፈነዳል፤ በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ ይደነግጣል። መልካሙ ዜና፣ ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ሣጥኑ ብቻ መሆኑ ነው። ከመስካትዎ በፊት ማንሸራተቻው 230 ላይ መሆኑን ያረጋግጡ። ማንሸራተቻ ከሌለው የተለጠፈበትን ወረቀት ያንብቡ፤ 100-240 የሚል ከሆነ ለሁለቱም ይሆናል፣ 115 ብቻ የሚል ከሆነ ግን እዚህ በቀጥታ አይሰካም።

እንዴት ይለያል?

ያ ወንድም ኬዙን ከመክፈቱ በፊት አምፖል ሰክቶ ሶኬቱን ፈተሸ። ከዚያ ዲቫይደሩን፣ ከዚያ የኮምፒዩተሩን ገመድ በሌላ ለወጠ፣ ከዚያም የሣጥኑን ማብሪያ ማጥፊያ አየ። «ግማሹ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚድነው» አለኝ። እኛ አልዳንንም።

ቁልፉ ሲጫን ፍጹም ዝምታ ከሆነ፣ ወይም ፋኑ ትንሽ ዞሮ ከቆመ፣ ወይም የተቃጠለ ሽታ ካለ ሣጥኑን ይጠርጥሩ። ከባድ ሥራ ሲጀመር በራሱ ጠፍቶ የሚነሣ ኮምፒዩተርም ከዚሁ ሊሆን ይችላል። ፋኑ እየዞረ፣ ጢጥ ጢጥ እያለ ስክሪኑ ላይ ምንም ካልመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሜሞሪው ወይም ስክሪኑ ይታይ።

ባለሙያዎች ሣጥኑን ከኮምፒዩተሩ ለይተው፣ በትልቁ ማገናኛ ላይ አረንጓዴውን ሽቦ ከአንዱ ጥቁር ጋር በማገናኘት ብቻውን ያስነሡታል። ከዚያም በቴስተር ይለኩታል፤ ቢጫው 12፣ ቀዩ 5፣ ብርቱካናማው 3.3 ቮልት መስጠት አለበት። 12 ቮልቱ ከ11.4 በታች ከወረደ ሣጥኑ ደክሟል። ለእኔና ለእርስዎ ግን የሚቀለው መንገድ ከጎረቤት ወይም ከቢሮ ደህና ሣጥን ተውሶ መሞከር ነው። ወንድማችንም ያደረገው ይህንኑ ነበር። ኮምፒዩተሩ ገና አንድ ጊዜ ቢጫኑት ተነሣ። ባለቤቴ ከጓዳ ድምፁን ሰምታ እልል አለች።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ሣጥኑን ራሱን አይክፈቱት። በውስጡ 300 ቮልት አልፎ የሚጠራቀምባቸው ኮንደንሰሮች አሉ፤ ገመዱ ተነቅሎም ለጊዜው ኃይሉን ይዘው ይቆያሉ። ከፍተው የሚጠግኑ ጎበዞች በከተማችን አሉ፤ እነርሱ ይሥሩት። በምግብ ጠረጴዛ ላይ ልጆች በተሰበሰቡበት የሚከፈት ዕቃ አይደለም።

ግዢና ገጠማ

ከመገናኛ እስከ ቦሌ መድኃኔዓለም ባሉት ሕንፃዎች ኮምፒዩተር የሚሸጡ ሱቆችን ያገኛሉ። ሲሄዱ አሮጌውን ሣጥን ይዘው ይሂዱ። ሁሉም አንድ አይደለም፤ በተለይ የዴልና የኤችፒ ቀጫጭን ኮምፒዩተሮች ቅርጹም ማገናኛውም የተለየ ሣጥን አላቸው። የተለመደው ዓይነት ትልቁ ማገናኛ 24 ቀዳዳ አለው፤ ከእርሱ ሌላ ለፕሮሰሰሩ የሚሆን 4 ወይም 8 ቀዳዳ ያለው ማገናኛ ያስፈልጋል። ለሃርድ ዲስኩ የሚሆነውንም ያመሳክሩ።

በትልቁ የተጻፈውን ዋት አይመኑ። ከጎኑ ባለው ሠንጠረዥ ላይ በ12 ቮልቱ ሥር ስንት አምፒር እንደተጻፈ ይዩና በ12 ያባዙት። «500 ዋት» ተብሎ 12 ቮልቱ 14 አምፒር ከሆነ፣ ከዚያ መስመር የሚገኘው 168 ዋት ብቻ ነው። ለጽሑፍ፣ ለሂሳብና ለፎቶግራፍ ለሚሆን የቤት ኮምፒዩተር እውነተኛ 300 ዋት ይበቃል። እኔ ብሆን ከአዲስ ርካሽ ይልቅ ከደህና ኩባንያ ኮምፒዩተር የወጣ፣ የተፈተሸ ሁለተኛ እጅ ሣጥን እመርጣለሁ። ሻጮቹ በዚህ አይስማሙም።

ገጠማው ከሰላሳ ደቂቃ አይበልጥም። ገመዱን ከግድግዳ ነቅለው ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ይጫኑት፤ የቀረ ኃይል ካለ ይወጣል። ምንም ሳይነቅሉ በሞባይልዎ ውስጡን ፎቶ ያንሡ፤ የትኛው ሽቦ ከየት እንደመጣ በኋላ የሚነግርዎት እርሱ ነው። ማገናኛዎቹ ጆሮ አላቸው፤ ጆሮውን ጫን አድርገው ይሳቡ እንጂ ሽቦውን አይጎትቱ። ከጀርባ ያሉትን አራት ቡሎኖች ሲፈቱ ሣጥኑን በሌላ እጅዎ ይደግፉት፤ ማዘርቦርዱ ላይ ከወደቀ ሌላ ወጪ ነው። አዲሱ የሚገባው በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ እምቢ ካለ አዙረው ይዩት፣ አይግፉት። ክዳኑን ከመግጠምዎ በፊት አስነሥተው ይመልከቱ።

ከዚያ በኋላስ?

ኬዙ ሲነኩት የሚነዝር ከሆነ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሶኬቱ የመሬት መስመር የሌለው መሆኑ፣ ወይም ባለ ሁለት እግር ማስተላለፊያ መጠቀማችን ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይየው። ስታቢላይዘር የኃይል መዋዠቅን ያለዝባል፤ መብራት ሲሄድ ግን አያድንም። ለዚያ የሚሆነው ዩፒኤስ ነው፤ እርሱም የሚሰጥዎት ሥራዎን አስቀምጠው የሚያጠፉበትን ደቂቃዎች እንጂ ሌሊቱን አይደለም። ባትሪውም ከዓመታት በኋላ ይደክማል። ሁለቱንም መግዛት ላልቻለ ቤት ዋጋ የማይጠይቅ ልማድ አለ፦ መብራት ሲሄድ መንቀል፣ ከመጣም በኋላ አሥር ደቂቃ ጠብቆ መሰካት።

እኛ የእናቴን ድምፅ በዚያው ማታ በሁለት ፍላሽ ገለበጥነው። አንዱ አሁን አያት ባለችው እኅቴ ቤት ነው። ወንድማችን ለድካሙ ገንዘብ አልቀበልም ብሎ አሮጌውን ሣጥን ለፋኑ ሲል ወሰደው። በሳምንቱ መብራት ሄደ። ሻማ ሳይለኮስ ታናሿ ልጃችን በጨለማ እየተደናበረች ሮጣ ስፒናውን ነቀለች። መብራቱ ሲመጣም የግድግዳውን ሰዓት እያየች፣ «አባዬ፣ ገና ሰባት ደቂቃ ነው» ብላ አላስሰካችኝም።