የዘፋኝ ቃልና የመራጭ ድምፅ

በጉዛራ ግንብ አጠገብ በምትገኘው በእንፍራንዝ አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ትልልቁን ሰው ሲያመሰግን፥ በሰምና ወርቅም ሲወቅስ ኖሯል። ዛሬ ደግሞ ልጆቻችን በ1973 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ከተማ በብሮንክስ ሰፈር የተወለደውን፥ ሂፕ ሆፕ የሚባለውን ዜማ በአማርኛ ያሰሙናል። መሣሪያው ቢለወጥም ኃላፊነቱ ያው ነው። በምርጫው ዓመት በ1997 ዓ.ም. የቴዎድሮስ ካሣሁን (ቴዲ አፍሮ) «ያስተሰርያል» በየቤቱ ሲሰማ ያስታወሰ ሁሉ የዜማን ጉልበት አይስተውም።

በአንድ ሰርግ ላይ አንድ ጎልማሳ ሹማምንትን በዚሁ ዜማ አጥብቆ ሲወቅስ ሰማነው። «ልጄ፥ የመራጭነት ካርድ አውጥተህ ታውቃለህን?» ብለን ብንጠይቀው «ጌታዬ፥ የኔ ድምፅ በመድረክ ላይ ነው» ሲል መለሰልን። እኛም በችሎት ጸሐፊነታችን ያየነውን ነገርነው፤ ምስክር በደጅ ሆኖ ምንም ያህል ቢጮኽ፥ ቀርቦ ቃሉን ካላስመዘገበ ዳኛ ሊመዝንለት አይችልም። ጎልማሳውም ጥቂት ዝም ብሎ «እውነት ነው» አለ።

አባቶቻችን እንደራሴያቸውን የመምረጥ መብት ያገኙት በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 38 ዕድሜው 18 ዓመት ለሞላ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ይህን መብት ሰጥቷል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ የልጆቻችሁን ዘፈን አትናቁ። ይልቁንም ወንድምን ከወንድም የሚያጣላ ቃል እንዳያወጡ፥ በአደባባይ የወቀሱትንም በምርጫ ሣጥን እንዲያጸኑት ምከሯቸው። የተዘፈነው ይረሳል፤ የተመዘገበው ግን ይቈጠራልና።