የቪትዝ ሞተር፦ ባሕርዩና የተለመዱ ሕመሞቹ

ከወልድያ ተነስቶ በሲሪንቃ በኩል ወደ መርሳ የሚወርድ ሰው በመንገዱ ላይ ቪትዝ ሳያጋጥመው አይውልም። አንዱ ቤተሰብ ዕቁብ ደርሶት፣ ሌላው ሰንጋ ሸጦ፣ ሌላው ደግሞ ልጁ ከጂዳ በላከችለት ገንዘብ ይገዛታል። የዓመታት ልፋት በአንድ ኮፈን ሥር ተቀመጠ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ገዥው ስለ ቀለሟ፣ ስለ ወንበሯና ስለ ቴፗ አጥብቆ ሲጠይቅ እናያለን እንጂ ስለ ሞተሯ ሲጠይቅ እምብዛም አንሰማም። ብልሽቱ ሲመጣ ታዲያ የቤተሰቡ ገንዘብ በመካኒኩ ቃል ላይ ይንጠለጠላል። እኛ መካኒኮች አይደለንም። ሆኖም በክፍል ውስጥ የምናስተምረው ፊዚክስ ጋራዥ በር ላይ የሚቆም አይደለምና ባለቤቱ ሊያውቀው የሚገባውን ያህል ለመጻፍ አስበናል።

ቪትዝ በአገራችን የበዛችው እንዲያው በአጋጣሚ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ የሞተራቸው ይዘት ከ1300 ሲሲ ያልበለጠ የቤት መኪኖችን 30 በመቶ፣ እስከ 1800 ያሉትን 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ የሆኑትን 100 በመቶ ያስከፍል ነበር። የቪትዝ ትናንሽ ሞተሮች ከ1300 በታች በመሆናቸው ነጋዴው ወደ እነርሱ አዘነበለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዲስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ታክሱን እጅግ አከበደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ በእጃችን ያለውን ሞተር ጠብቆ ማቆየት የቤተሰብ ኢኮኖሚ ጉዳይ ሆኗል።

ይህች መኪና በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1999 ስትወጣ የያዘችው ትንሹ ሞተር ባለ አራት ሲሊንደር፣ 997 ሲሲና 70 የፈረስ ጉልበት ያለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 የመጣችው ሁለተኛዋ ቪትዝ ግን በባለ ሦስት ሲሊንደር ሞተር ተተካች። ይዘቱ 996 ሲሲ፣ ጉልበቱ በደቂቃ 6000 ዙር ላይ 71 ያህል ሲሆን ክብደቱ 70 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ሲሲ የሚባለው ፒስተኖቹ ከታች ወደ ላይ ሲሄዱ የሚጠርጉት ቦታ ድምር ነው። የዚህ ሞተር ሲሊንደር ስፋት 71 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 83.9 ሚሊ ሜትር ነው። ልጅዎ የሲሊንደር ይዘት መለካት ተምሮ ከሆነ ቁጥሮቹን ወደ ሴንቲ ሜትር ለውጦ፣ ፓይን 3.14 ብሎ ያስላው፤ በሦስት ሲያበዛው 996 ያገኛል።

ሦስት ሲሊንደር ያለው ሞተር በሚኒሞ ሲቆም ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ይህ ተፈጥሮው እንጂ በሽታው አይደለም። መንቀጥቀጡን ለማጥፋት ተብሎ ካንዴላ፣ ቦቢናና የሞተር ጎማ በየተራ የሚቀየርላቸው ባለቤቶች ገንዘባቸውን በከንቱ ያፈሳሉ። መንቀጥቀጡ ከትናንት ዛሬ የባሰ እንደሆነ፣ ወይም መኪናዋ ዳገት ላይ ስትገታተር ብቻ ያን ጊዜ ካንዴላውን ማየት ተገቢ ነው።

ፋብሪካው የጻፈው 71 የፈረስ ጉልበት በባሕር ወለል አጠገብ የተለካ መሆኑንም ልብ ይሏል። ወልድያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ሲሆን፣ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አራት አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ሞተር ደግሞ ያለ አየር ቤንዚን ሊያቃጥል አይችልም። ስለዚህ የእኛዋ ቪትዝ በእውነት የምትሠራው በግምት በ56 የፈረስ ጉልበት ነው። ወደ መርሳ ስትወርድ ትንሽ ታገግማለች፤ ወደ ድልብ ዳገት ስትወጣ ግን ይብስባታል። አምስት ሰው፣ ጆንያ እህልና የበራ ማቀዝቀዣ ይዛ ዳገቱን ለወጣች መኪና «ሞተሩ ደክሟል» ብሎ መፍረድ ግፍ ነው። ማቀዝቀዣውን አጥፍቶ ማርሹን ዝቅ ማድረግ ይበቃል።

አሁን ብዙ ሞተር ወደሚገድለው ነገር እንምጣ፤ ይኸውም ሙቀት ነው። በወልድያ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሞተሩ የሚሠራው ወደዚያ በተጠጋ ሙቀት ላይ ነውና ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያቶሩ ክዳን ነው። ክዳኑ በስፕሪንጉ ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይም ሳይፈላ ይቆያል። ጎማው የደረቀ ወይም ከሌላ መኪና የመጣ ክዳን ይህን ሊያደርግ አይችልም። ብዙ ጊዜ ራዲያቶር ይታጠባል፣ ቬንቶላ ይቀየራል፣ የክዳኑን ነገር ግን የሚያስታውሰው የለም።

ባለ ሦስት ሲሊንደሩ ሞተር በተለይ የሚታወቅበት ደካማ ጎኑ የውሃ ፖምፓው ነው። ፖምፓው በአንድ ጊዜ አይሰበርም፤ ቀስ እያለ ያንጠባጥባል። በሥሩ የደረቀ ነጭ ወይም ቀላ ያለ እድፍ ይታያል፣ ቺንጋው አካባቢ ጩኸት ይሰማል፣ የመጠባበቂያ ገንቦው ውሃም በየሳምንቱ ይጎድላል። ባለቤቱ የጎደለውን በቧንቧ ውሃ ይሞላል። የቧንቧ ውሃ ዝገትና ኖራ ስለሚያስከትል ራዲያቶሩን ይደፍናል፤ ሕመሙም አንድ የነበረው ሁለት ይሆናል። በዚህ ላይ ሁለተኛዋ ቪትዝ የሙቀት መለኪያ ቀስት የላትም። ኩሩስኮቶው ላይ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ሰማያዊ፣ ሲግል ቀይ መብራት ብቻ ይበራል። ቀዩ በራ ማለት ነገሩ አልፏል ማለት ነውና «መርሳ ልድረስና አያታለሁ» አይባልም። ወዲያው ቆሞ ሞተሩን ማጥፋት፣ እስኪበርድም መታገሥ ነው። ትኩስ ክዳን የከፈተ ፊቱን ይቃጠላል፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈሰሰም ብረቱን ይሰነጥቃል። ቴስታታው አልሙኒየም ስለሆነ ሙቀት ያጣምመዋል፤ ከዚያ ጓርኒሲዮኑ ይበላሻል። የዚህ ምልክቱ ነጭ ጭስ፣ እንዲሁም ወተት የገባበት ቡና የመሰለ ዘይት ነው።

ዘይትን በተመለከተ፣ ሞተሩ የሚይዘው ከሦስት ሊትር ጥቂት ከፍ ያለ ብቻ ነው። አንድ ሊትር ቢጎድል ሲሶው ጎደለ ማለት ነው። መለኪያ ዘንጉን በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት አውጥቶ ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ከቤተሰቡ ልጆች አንዱ ሊይዘው የሚችል ሥራ ነው። ሻጮች «ቪትዝ ካቴና እንጂ ቺንጋ አይደለችም፣ ዕድሜ ልክ አትነካም» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። ካቴናው የቫልቮላዎቹን ጊዜ የሚጠብቅ ሲሆን በዘይት ይለሰልሳል፤ ወጣሪውም የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። ዘይቱ ከቆሸሸና ከጎደለ ካቴናው ይረዝማል፣ ጠዋት ሲነሳም የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ያሰማል። በሐብሩ አቧራ ላይ የምትሠራ መኪና በየ5000 ኪሎ ሜትሩ ዘይትና ፊልትሮ ቢቀየርላት አይበዛባትም፤ የአየር ፊልትሮዋም እንዲሁ። ሰማያዊ ጭስ ካየን ፋሻው ወይም የቫልቮላው ጎማ ዘይት እያሳለፈ ነው፤ ጥቁር ጭስ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል።

ቤንዚን ስንል ደግሞ ማደያው ሲደርቅ በየመንገዱ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠውን መርሳት አንችልም። አንዳንዱ ነጭ ጋዝ ይቀላቀልበታል። ነጭ ጋዝ ቶሎ አይተንም፣ በሞተሩ ውስጥም ያለ ጊዜው ይቀጣጠላል፤ ዳገት ላይ በቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር እንደሚንኳኳ ዓይነት ድምፅ ከሰሙ ከዚያ ይጠርጥሩ። ውሃ የገባበት ከሆነ በጠራ ጠርሙስ ጥቂት ቢቀመጥ ውሃው ከታች ይለያል። በቤት ውስጥ በጀሪካን የሚያጠራቅሙ ግን የሞተሩን ሳይሆን የልጆቻቸውን ነገር ያስቡ፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በወለሉ ላይ ተንሸራቶ ምድጃ ድረስ ይሄዳል። ቤንዚን በቆየ ቁጥርም ሙጫ ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በጦርነቱ ወራት እንደሆነው ለወራት የቆመች መኪና ስትገዙ ሰልባትዮው ታጥቦ እንደሆነ መጠየቅ አለባችሁ።

ስለ መግዛት ካነሳን፣ የዕቃን ነውር ሸፍኖ መሸጥ በዲናችን የተከለከለ መሆኑን የማያውቅ ነጋዴ የለም። ቢሆንም ጭሱን ለመደበቅ ወፍራም ዘይት የሚሞላ፣ ገዥ ከመምጣቱ በፊትም ሞተሩን አሙቆ የሚጠብቅ አለ። ስለዚህ ከሱብሒ በኋላ፣ ሳይነገር ይሂዱ። ኮፈኑን በእጅዎ ይዳስሱ፤ ሞቆ ከሆነ ሌላ ቀን ይመለሱ። ቁልፉ ሲዞር የሞተር ምልክት ያለበት መብራት በርቶ፣ ሞተሩ ሲነሳ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉን አንድ ሰው አውጥቶታል። የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጠው ይመልከቱ፣ ከዚያ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ የጭሱን ቀለም ይንገርዎ።