ካሜራውን ያስጨፈረው ስታንሊ ዶነን

ስታንሊ ዶነን በሙዚቃዊ ፊልሞች ውስጥ ከአጃቢ ተወዛዋዥነት ተነስቶ ዳይሬክተር የሆነ አሜሪካዊ ነው። ሙዚቃዊ ፊልም የሚባለው ገጸ ባሕርያቱ ደስታው ወይም ጭንቀቱ ሲበዛባቸው ንግግሩን ትተው ወደ ዘፈንና ውዝዋዜ የሚገቡበት ነው፤ የህንድ ፊልም እያየ ላደገ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

ዶነን የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1924 ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። የትውልድ ቦታው በደቡብ ካሮላይና ግዛት የምትገኘው ኮሎምቢያ ከተማ ናት። በዘጠኝ ዓመቱ ፍሬድ አስቴርና ጂንጀር ሮጀርስ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው የጨፈሩበትን «ፍላዪንግ ዳውን ቱ ሪዮ» የተባለ ፊልም አየና ልቡ እዚያው ቀረ። ውዝዋዜ ተማረ፤ በ16 ዓመቱ ሻንጣውን ይዞ ኒውዮርክ ገባ። በ1940 የከተማዋ የቴአትር ሰፈር በሆነው ብሮድዌይ በቀረበው «ፓል ጆይ» ከአጃቢ ተወዛዋዦቹ አንዱ ሆኖ ተቀጠረ። የቴአትሩ መሪ ተዋናይ ጂን ኬሊ ነበር፤ የሁለቱ ሰዎች ሕይወት ከዚያ በኋላ ለ15 ዓመት ያህል ተጠላልፎ ኖሯል።

በ1943 ዶነን ሆሊውድ ሄዶ በኤም ጂ ኤም ስቱዲዮ ተወዛዋዥ ሆነ። ስሙን ያስጠራው ግን ጭፈራው አልነበረም። በ1944 በወጣው «ከቨር ገርል» ኬሊ በመስተዋት ውስጥ ካለው የራሱ ምስል ጋር ይጨፍራል፤ ምስሉ ከመስተዋቱ ይወጣና ሁለቱ ኬሊዎች በጎዳና ላይ ይፎካከራሉ። ዛሬ በኮምፒውተር የሚሠራው ያኔ የሚሠራው ያንኑ ጭፈራ ሁለት ጊዜ ቀርጾ አንዱን በሌላው ላይ በማተም ነበር። ካሜራው በሁለተኛው ቀረጻ አንድ ጣት ያህል ቢዛነፍ ሥራው ሁሉ ገደል ይገባል። መፍትሔው የተገኘው ከተወዛዋዥ ልማድ ነው። ተወዛዋዥ የሚቆጥረው ሰከንድ ሳይሆን ምት ነውና፣ ዶነን የካሜራውን ጉዞ እንደ እግር እርምጃ በምት ቆጥሮ አስኬደው። በቀጣዩ ዓመት «አንከርስ አዌይ» በተባለው ፊልም ኬሊ ከአይጡ ጄሪ ጋር ጨፈረ፤ ሕፃናት ሁሉ የሚያውቁት የቶምና ጄሪው ጄሪ ነው። ኬሊ የጨፈረው ባዶ ወለል ላይ ሲሆን፣ አይጡ በኋላ በሰዓሊዎች እጅ ገባ።

ዶነን የዳይሬክተርነት ማዕረጉን ያገኘው ከኬሊ ጋር ተጋርቶ በሠራው «ኦን ዘ ታውን» ነው። ፊልሙ በ1949 ሲወጣ 25 ዓመቱ ነበር። ሙዚቃዊ ፊልም በስቱዲዮ ግድግዳ ውስጥ ተዘግቶ በሚሠራበት በዚያ ዘመን እነርሱ የተወሰነውን ክፍል ኒውዮርክ ከተማ ድረስ ሄደው ቀረጹ።

በ1951 የወጣው «ሮያል ዌዲንግ» ደግሞ የልጅነት ሕልሙን እጁ ላይ አኖረለት፤ ፍሬድ አስቴርን ራሱን ዳይሬክት አደረገ። አስቴር በአንድ ክፍል ውስጥ ሲጨፍር ግድግዳውን ይወጣና ጣሪያው ላይ ቁልቁል ተዘቅዝቆ ይቀጥላል። ክፍሉ የተሠራው በሚሽከረከር ትልቅ በርሜል ውስጥ ነበር። ወንበሩ፣ ጠረጴዛውና መብራቱ ሁሉ በየቦታቸው ተቸንክረዋል፤ ካሜራውና ካሜራ ያዡም ከክፍሉ ጋር ታስረው አብረው ይዞራሉ። ስለዚህ በካሜራው ዓይን ክፍሉ ቆሞ ሰውየው የዞረ ይመስላል። አስቴር ግን ምንጊዜም የቆመው ታች በሆነው በኩል ነው።

ከሁሉ የገነነው ፊልም በ1952 ከኬሊ ጋር ያዘጋጁት «ሲንጊን ኢን ዘ ሬይን» ነው። ኬሊ ዣንጥላውን አጥፎ ዝናብ እየመታው የሚጨፍርበትን ትዕይንት የፊልሙን ስም የማያውቅ እንኳ አይቶታል። ዝናቡ በካሜራ እንዲታይ ወተት ተቀላቅሎበታል የሚል ወሬ እስከ ዛሬ ይናፈሳል፤ ምሥጢሩ ከኋላ የተለቀቀው መብራት ነው። ኬሊ ያን ሲጨፍር ትኩሳት ይዞት ነበር።

ዶነን ብቻውን ምን ያህል እንደሚችል የታየው በ1954 «ሰቨን ብራይድስ ፎር ሰቨን ብራዘርስ» ሲወጣ ነው። በፊልሙ የመንደር ወንዶች ጎተራ ለማቆም ይሰበሰባሉ፤ እኛ ደቦ የምንለው ነው። ማይክል ኪድ ባቀናበረው ውዝዋዜ ሥራው ወደ ፉክክር፣ ፉክክሩ ወደ ድብድብ ሲለወጥ ሰዎቹ በሳንቃ ላይ ይዘላሉ። ዶነን ካሜራውን ራቅ አድርጎ ሰውን ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ያሳያል፤ ቶሎ ቶሎም አይቆርጥም። የዘላዩ እግር መሬት ሳይነካ ምስሉ ከተቀየረ ዝላዩ የማን እንደሆነ አይታወቅም። በእኛ አገር፣ ጣርማ በር አፋፍ ላይ ሆኖ እስክስታ ለሚቀርጽ ሰው ስሌቱ ይለያል፤ ወሬው ያለው ትከሻና አንገት ላይ ስለሆነ ካሜራው ጠጋ ማለት ይችላል፣ የይፋት ቆላም ከኋላ ሆኖ ይጠብቃል። ቶሎ ቶሎ የመቁረጥ አባዜ ግን እዚህም ያው ጉዳት ያደርሳል። በየሰከንዱ በሚቆራረጥ ክሊፕ ውስጥ ትከሻው ከምቱ ጋር መግጠም አለመግጠሙን ማን ያያል?

ከኬሊ ጋር የነበረው ሽርክና በ1955 በ«ኢትስ ኦልዌይስ ፌር ዌዘር» ተቋጨ፤ በመልካም አልተለያዩም። ብዙ ሰው ዶነንን የኬሊ ረዳት አድርጎ ይቆጥረው ነበር። በ1957 ከአስቴርና ከኦድሪ ሄፕበርን ጋር የሠራው «ፈኒ ፌስ» ለዚህ ግምት በቂ መልስ ነው። የሙዚቃዊ ፊልም ገበያ ሲቀዘቅዝም አልወደቀም፤ በ1963 «ሻሬድ» የተባለውን አንጠልጣይ ፊልም ከኬሪ ግራንትና ከሄፕበርን ጋር፣ በ1967 ደግሞ የአንድን ጋብቻ ታሪክ እያፈራረቀ የሚተርከውን «ቱ ፎር ዘ ሮድ» ሠራ። በ1986 ላየነል ሪቺ «ዳንሲንግ ኦን ዘ ሲሊንግ» ለተሰኘው ዘፈኑ ክሊፕ ሲያሠራ የመረጠው ዶነንን ነው፤ ዘፋኙም እንደ አስቴር ጣሪያ ላይ ጨፈረ።

ዶነን አንድም ጊዜ ለምርጥ ዳይሬክተር የኦስካር ሽልማት አልታጨም። በ1998 የክብር ኦስካር ዳይሬክተሩ ማርቲን ስኮርሴዚ ሲያስረክበው ሐውልቷን ጉንጩ ላይ አስደግፎ እያንጎራጎረ ጨፈረ፤ ያኔ 73 ዓመቱ ነበር። ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2019 በ94 ዓመቱ ኒውዮርክ ውስጥ አረፈ።