ከጫማ ሥር የተደበቀችው ጥቁር ነጥብ

«የቆዳ ካንሰር የፈረንጅ በሽታ ነው» ስንል ኖረናል። ታክሲ ነጂው ወዳጄም ውስጥ እግሩ ላይ የወጣችውን ጥቁር ነጥብ ጫማ የላጠው መስሎት ሁለት ዓመት ረግጧት ዞረ። ስትመረመር ሜላኖማ ሆና ተገኘች፤ ሳንባውም ደርሳለች።

በአስተርጓሚነት አብሬው ገባሁ። ሐኪሙ የደም ውጤቱን ዘረጋ። ኤል ዲ ኤች የሚባለው ኢንዛይም ሴሎች ሲጎዱ ወደ ደም ይፈስሳል፤ በተሠራጨ ሜላኖማ ላይ ከፍ ማለቱ ደግ ምልክት አይደለም። ቀጥሎ ሁለት ዓይነት ነጭ የደም ሴሎች ተነጻጸሩ። ሊምፎሳይት ካንሰርን ከሚዋጉት ወገን ነው፤ ኒውትሮፊል ከእሱ እጅግ ሲበዛ ተስፋው ይሳሳል። የወዳጄ ሁለቱም ልኬት ከፍ ያለ ነበር።

«ምን አለ?» አለኝ።

በእኛ ወግ ክፉ ወሬ እንዲህ በድንገት አይነገርም። «ደህና ነው» ልለው ምላሴ ጫፍ ደረሰ። ግን ሕክምናውን የሚመርጠው እሱ ነው፤ የሰማሁትን ሁሉ ነገርኩት። ሐኪሙም «ቁጥሩ የብዙ ሕሙማንን ዕድል ያሳያል እንጂ የአንድን ሰው ቀን አይቆርጥም» አለ።

እውነቱን ነው። ቦብ ማርሌይን ከእግር ጣቱ ጥፍር ሥር የጀመረው ሜላኖማ እ.ኤ.አ. በ1981 በ36 ዓመቱ ወሰደው፤ ያኔ የዛሬው መድኃኒት አልነበረም። ፕሬዚዳንት ካርተር ግን በ2015 በሽታው አንጎላቸው ከደረሰ በኋላ በጨረርና የሰውነትን መከላከያ ሴሎች በሚያነቃቃው ፔምብሮሊዙማብ ታክመው እስከ 2024፣ እስከ 100 ዓመታቸው ኖሩ።

ወዳጄም ያንኑ መድኃኒት ጀምሯል። ወገኖቼ፣ በጥቁር ቆዳ ላይ ይህ በሽታ የሚመርጠው ውስጥ እግርን፣ መዳፍንና ጥፍር ሥርን ነው። ዛሬ ማታ ካልሲያችሁን ስታወልቁ እግራችሁን ገልብጣችሁ እዩ።