የበዓል ዕለት የውሻ ድርሻ

በመንደራ ቆጪ የፋሲካም ሆነ የአረፋ በግ በግቢ ሲታረድ፣ ከባለቤቱ ይልቅ የሚደሰተው ውሻው ነው። እኛም ለጋስነታችንን ለማሳየት ሳምባውን በጥሬው እንወረውርለታለን። ጉዳቱ ከዚህ ይጀምራል። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያለበትን ሳምባ ወይም ጉበት የበላ ውሻ በአንጀቱ ጥቃቅን ትሎች ይራቡበታል። እንቁላላቸው ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣና፣ ውሻውን ሲያሻሽ በዋለ ልጅ እጅ ወይም ባልታጠበ ጎመን ወደ ሰው ሆድ ይገባል፤ በጉበትና በሳምባም ላይ ሳይታወቅ ለዓመታት ያድጋል።

እንዲህ ያለውን ሳምባ ማቃጠል፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ መቅበር ይገባል። የእንስሳት ሐኪም የሚሠለጥንበት ዩኒቨርሲቲ በጅማ እያለ፣ ለውሻ የትል መድኃኒት መስጠት እንደ ቅንጦት መቆጠሩ አይገባንም።

የዶሮ ወጥ አጥንትም ሲሰበር እንደ መርፌ ሹል ነውና ለውሻው አይጣልለት። ድርሻውስ? አጥንት የሌለው፣ በደንብ የበሰለ ቁራጭ ሥጋ ይበቃዋል።